ትርፍ የመሰለችኝ ስንኝ

ወንድም ጋሼ፣

ያን አውሰውን እኛው ዘንድ የቀረውን ሸክላ የጫረችው እህትዎ አይደለችም፤ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጫውተው መርፌው አዳልጦኝ የጫርኩት እኔ ነኝ። እሷን ሲቆጧት አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። እሷም እስክትሞት አላነሳችብኝም።

ዛሬ በእንግድነት በመጣሁበት ከተማ አንድ የሸክላ መደብር ገባሁ። እኛ ዘንድ ሸክላ ከተሰበረ ራዲዮ ጋር ተጋድሞ ነው የሚገኘው፤ እዚህ እንደ መድኃኒት በመደርደሪያ ተሰድሯል። ያንኑ ያዋሱንን ዘፈን፣ ሽፋኑ ስለታጠፈ በግማሽ ዋጋ አገኘሁት።

«አዲስ ነው አባባ» አለኝ ሻጩ።

«አብሮኝ ያረጀ ዘፈን እንዴት አዲስ ይሆናል?»

«ዘፈኑ የድሮ ነው፤ ሸክላው ነው ዘንድሮ በድጋሚ የታተመው።»

ግራ ቢገባኝ አጫውትልኝ አልኩት። መሃል ላይ ሲደርስ «ሲያሳትሙት ተሳስተዋል፣ ይህቺ ስንኝ ትርፍ ናት» አልኩ።

«የእርስዎ ሸክላ ተጭሮ እየዘለላት ይሆናላ» ብሎ ሳቀብኝ።

እህትዎ በትዳራችን ዘመን ማጀት ሆና ታንጎራጉራት የነበረችው ስንኝ ናት። ከራሷ የፈጠረቻት መስሎኝ «የሰው ዘፈን ላይ አትጨምሪ» እያልኩ እቀልድባት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ያጎደልኩትን እየሞላችልኝ ነበር ወይስ ጥፋቴን እየነገረችኝ? ጸልዬም አልተገለጠልኝም።

መደብሩ ውስጥ የቀረው ይህ አንድ ሸክላ ብቻ ስለነበር፣ የእህትዎ ድምፅ ያለበት ይመስል ለራሴ ላስቀረው ልቤ ከጅሎ ነበር።

የምጽፍበት ፖስትካርድ ጠበበኝ። እትዬን፣ ልጆቹን ይሳሙልኝ። ይህን የምጽፈው ፖስታ ቤት ቆሜ ነው፤ ሸክላውን አሁን በስምዎ ላክሁት።