ሳይወድቅ ለተኛው

ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 1981 ዓ.ም.

ውድ ሙዘይን፣

«ውድ» ብዬ የጀመርኩት እጄ ስለለመደ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም። አንዴ ተጽፏል፤ ይቆይ።

እናትህ ትናንት ከገበያ ሲመለሱ ቤቴ መጥተው ነበር። ሽንኩርት በዘንቢል ይዘው በሬ ላይ ቆመው «ውበቱ፣ የኔ ሆድ፣ አለህ ወይ?» ሲሉ በደህናው ጆሮዬ ሰማኋቸው። ታናሽ ወንድምህ ኑርዬ በጥር ሊያገባ መሆኑን ነገሩኝ። ሙሽራዋ የውጫሌ ልጅ ናት፣ ዘሀራ ትባላለች አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን ከልቤ ነው የምልህ፤ ኑርዬ ምንም አልበደለኝም። ቀጥለው ግን በሰርጉ ላይ ትግል እንደሚኖር፣ እንደ ድሮው ሜዳው ዳር ቆሜ ማን ያዘ፣ ማን ጣለ እያልኩ ለሰው እንዳሰማ አንተ እንደለመንክ ነገሩኝ። ሽማግሌ ሳትልክ፣ ራስህ ሳትመጣ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ሴት ላክህብኝ። እሺም እምቢም ሳልል ሸኘኋቸው። መልሴ ይኸው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝና ለሌላ ሰው አታስነብበው። ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው።

እኔ ድምፄን ያገኘሁት አውቶቡስ ተራ እንደሆነ ታውቃለህ። «ደሴ! ደሴ! ውጫሌ! መርሳ! ወልድያ!» እያልኩ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሹፌሮቹ «ውበቱ ከጠራ መኪና ባይኖርም ሰው ይሳፈራል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አንድ ጊዜ በአርዲቦ በኩል ሰርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ትግል ሲጀመር ከኋላ የቆሙት ሴቶች አላየንም ብለው አማረሩ። እኔም ድንጋይ ላይ ወጥቼ የማየውን እንደ አውቶቡስ ተራው እየጮህኩ መንገር ያዝኩ። ሥራው በዚህ ተጀመረ። የዚያን ቀን መሃል ሜዳ በጀርባው የተዘረረው ቀጭን ልጅ አንተ ነበርክ። ሰው ሁሉ ወደ አሸናፊው ሲሮጥ አንተ ዓይንህን ሰማይ ላይ ተክለህ፣ ለመነሳት አፍረህ፣ እዚያው ቀረህ። ስምህን አላውቅም ነበር። አጠገቤ የነበረችውን ሴት የማን ልጅ እንደሆንክ ጠየቅኳትና በሙሉ ድምፄ «ተነስ የኡሙሰልማ ልጅ! መሬት አቀፈችህ እንጂ አልበላችህም! ተነስ!» አልኩ። ሰው ሳቀ። አንተም ሳቅህና ተነሳህ። ከዚያ ወዲህ ልማዴ ሆነ። አሸናፊውን ከማወደሴ በፊት የወደቀውን በእናቱ ስም ጠርቼ «ተነስ» ሳልል ያለፍኩበት ትግል የለም። ከአንዱ በቀር።

ከዚያ በኋላ አንተ መውደቅ ተውክ። እኔም አንተ በገጠምክበት ሁሉ አልጠፋም ነበር። በእናትህ ቤት ለኔ ለክርስቲያኑ ተብሎ ሹሮ ለብቻ ይሠራል፤ የእናንተን ሥጋ ከድስቱ እያሸተትኩ አማችኋለሁ፤ እናትህ ይስቃሉ። ሜዳ ስትገባ ደግሞ ያቺን ግጥም እለቃታለሁ፦

አርዲቦ ዳር ሆኖ ሽንኩርት የሚያጠጣ፣
ጀርባው መሬት አያውቅ ስንት ጀግና ቢመጣ።

ሴቶቹ በአምባሰል ዜማ ይቀበሉኛል። አንተ አንገትህን ደፍተህ ትገባለህ። ያን ጊዜ ከኔ የበለጠ ሀብታም ሰው ሐይቅ ላይ አልነበረም።

ሰው ትግል ማሰማት ጩኸት ይመስለዋል። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ቃልህን ወስዶ ሌላ ሰፈር ይጥለዋል። ሁለት አሊ ሲገጥሙ አባቶቻቸውን መጥራት አለብህ፤ አባቶቻቸውም ሁለቱም ሰይድ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው አፍን መያዝ ነው። ገና እየተንገዳገደ ያለውን ሰው «ወደቀ» ካልክ፣ እሱም ተገልብጦ ከጣለ፣ ወገኖቹ በዱላ ይመጡብሃል። ስለዚህ ሕጌ አንድ ነበር፤ ዓይን ይቅደም፣ አፍ ይከተል። አስበህ አትናገርም፤ አይተህ ትናገራለህ።

የወረዳችን ካድሬ በእጅ የሚያዘውን ድምፅ ማጉያ ሲሰጠኝ ጣጣው ባሰ። የባትሪው ድንጋይ ሁልጊዜ ፍጻሜው ላይ ይሞታል። በየግጥሚያው መሃል መፈክር ማሰማት ግዴታ ሆነ። «ያ ጀማዓ» ብዬ ስጀምር «ጓዶች በል» ተባልኩ። «ጓድ ሙዘይን» ስል አሮጊቶቹ ማን ነው እሱ እያሉ ተጠያየቁ። አንድ ቀን ደግሞ «ታጋይ ሙዘይን ገባ» ብዬ አስጮህኩት። ትግል የሚገጥም ሰው ታጋይ ካልተባለ ምን ይባላል? ካድሬው ፊቱ አመድ መስሎ እየሮጠ መጣና በሰሜን ያሉት ወንበዴዎች ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ ታውቃለህ ወይ አለኝ። ከዚያ በኋላ «ተጋጣሚ» ሆናችሁ። አንተና እኔ ስንት ቀን ሳቅንበት። እኔን «ተጋጣሚ ውበቱ፣ እራት ቀርቧል» ትለኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ቀን። በ1976 የባህል ስፖርት ውድድር ፍጻሜ ላይ የደረሳችሁት አንተና ማዕረግ ነበራችሁ። ማዕረግ የካድሬው የእህት ልጅ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ያሸነፈ ደሴ ሄዶ የስፖርት ቡድን ውስጥ ይገባል። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቷል፤ ስፖርተኛ የሆነ ግንባር አይሄድም። ይህንንም ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን አንተን ሳይ ስለ ሌላው ማሰብ አልችልም ነበር።

«ወገቡን ያዘ! ሙዘይን ያዘ! አሁን ጠለፋዋን ጠብቁ!» አልኩ። ጠለፋህን እንደ ስሜ ነበር የማውቃት። ግራ ትከሻህ ዝቅ ሲል ቀኝ እግርህ ትከተላለች። ትከሻህ ዝቅ አለ፤ እግርህ አልመጣችም። የማዕረግን ቀበቶ የጨበጠው እጅህ ተፈታ። ማንም ሳይገፋህ ወደ ኋላ ሄድክ። እዚያ አንዲት ድንጋይ ነበረች። አንገትህን ዘወር አድርገህ አየሃትና ከሷ ወዲህ ተጋደምክ። የሚወድቅ ሰው ቦታ አይመርጥም፣ ሙዘይን። አንተ መረጥክ።

ዓይኔ ያየውን አፌ ተከተለ። «ሙዘይን ተኛ» አልኩ።

«ወደቀ» ነበር የሚባለው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ የባትሪው ድንጋይ አልሞተም። ከኋላ አንዱ «ተኛ!» አለ፣ ሌላው «ተሸጠ!» አለ፣ ከዚያ የማን ድምፅ የማን እንደሆነ ጠፋ። ዳኛው አቶ አያሌው የማዕረግን እጅ አነሡ፤ ጀርባህ መሬት ነክቷል፣ ሕጉ ሕግ ነው። ካድሬው ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ነጠቀኝ። በዚያ ግርግር መሃል «ተነስ» ሳልልህ ቀረሁ። አንተ ተጋድመህ እኔን ታየኝ ነበር። ብቻህን ተነሳህ።

በማግስቱ አዳራሽ ውስጥ አቆሙኝ። ሕዝብን አነሳስቷል ተባልኩ፤ የዚያች የ«ታጋይ» ነገርም ከተቀበረችበት ወጣች። እኔ ግን አልፈራሁም ነበር። ለምስክርነት አንተ ተጠርተህ በሩ ላይ ሳይህ ልቤ ተመለሰ። እውነቱን ይናገርልኛል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ይህን እወቅልኝ። «አፉ ስቶ ነው» ብትል ይበቃኝ ነበር። እንደ አንድ ሰካራም ተቆጥሬ፣ ተገርፌም ቢሆን ቤቴ እገባ ነበር። ቆብህን በእጅህ እያሸህ ቆምክና እንዲህ አልክ፦

«እኔ ወድቄያለሁ። ውበቱ እኔን የሚወደኝ ሳሸንፍ ብቻ ነው። ስወድቅበት ስሜን አጠፋ።»

የመድፍ ፍንጣሪ የግራ ጆሮዬን ወስዶታል፤ ይህችን ቃል ግን አልወሰደልኝም። ካድሬው ቢሰድበኝ፣ ቢያስገርፈኝ ባህሪው ነው። አንተ ግን ይህችን ከየት አመጣሃት? ማንም አላስጠናህም። የካድሬ አፍ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ከራስህ ሆድ ነው ያወጣሃት፣ የት ጋ እንደምታመኝ አውቀህ። ለመሆኑ እኔና አንተ እንዴት እንደተዋወቅን ረስተኸው ነው?

አልፈቱኝም። ከወረዳችን የውትድርና ኮታ አንድ ሰው ጎድሎ ነበርና እኔን ሞሉበት። መኪናው የቆመው አውቶቡስ ተራ ነበር። አብረውኝ ሲጮሁ የኖሩት ልጆች ፊታቸውን አዞሩ፤ አልፈርድባቸውም። አንተ ሽንኩርትህን ልታስጭን መጥተህ ከጆንያዎቹ አጠገብ ቆመህ ነበር። አየኸኝ። ከዚያ ጎንበስ አልክና የታሰረውን ጆንያ እንደገና ማሰር ጀመርክ። ለመንገደኛው ሁሉ መሄጃውን ስጠራ የኖርኩ ሰው፣ የዚያን ቀን መሄጃዬን የጠራልኝ አልነበረም።

ስለ ሰሜን ብዙ አልጽፍልህም። እዚያ ሰው ሲወድቅ ቦታ አይመርጥም። መጀመሪያ ሰሞን አፌ ለምዶበት አጠገቤ ለወደቀው ሁሉ «ተነስ» እል ነበር። የእናቱን ስም የማውቀውን በእናቱ ስም ጠርቼዋለሁ። አልተነሱም። ከዚያ በኋላ ቃሏን ተውኳት። ባለፈው ዓመት ግራ ጆሮዬ ሲደፈን አሰናበቱኝ፤ ይኸው ሐይቅ ነኝ። አውቶቡስ ተራ ሞክሬ ነበር። የራሴን ድምፅ መጠን ስለማላውቀው ወይ ሕፃን አስደነግጣለሁ ወይ ለራሱ እንደሚያወራ እብድ እሆናለሁ። ትቼዋለሁ።

እስከ ትናንት ለምን እንደተኛህ አላውቅም ነበር። እናትህ ሊሄዱ ተነስተው በሩን ከያዙ በኋላ ተመልሰው ተቀመጡና አለቀሱ። ካድሬው ለማዕረግ ጀርባህን ከሰጠህ ኑርዬን ከኮታው አወጣልሃለሁ ብሎህ እንደነበር ነገሩኝ። ለካ የጎደለው ሰው ኑርዬ ኖሯል። እኔ የቆምኩት በኑርዬ ቦታ ነው። «እኔ በኋላ ነው የሰማሁት፣ ወላሂ። አፉ በለው፣ ይቅር በለው ልጄን» አሉኝ። የሽንኩርት ዘንቢላቸውን ተሸክሜ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው።

ለወንድምህ ብለህ መተኛትህ አላስቆጣኝም። እኔም እተኛለሁ፤ ለኑርዬማ ሁለት ጊዜ እተኛ ነበር። ግን ምነው ባንዲት ቃል ብትነግረኝ? አምሽተን አብረን አይደለም ወይ የበላነው፣ ከግጥሚያው በፊት ባለው ቀን? ሹሮዬን ስበላ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ አልነበር? «ነገ እወድቃለሁ» ብትለኝ ኖሮ እግሩ አዳለጠው፣ ሣሩ ጤዛ ነበረበት እል ነበር። አወዳደቅህን እንዲህ አሳምሬ አሰማው ነበርና ሴቶቹ በአምባሰል ይዘፍኑልህ ነበር። አንተ ጀርባህን ስትሰጥ እኔ ምላሴን ልሰጥህ እችል ነበር። አንተ ግን ካድሬውን አምነህ እኔን ፈራህ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ እኔን የጣለኝ ግን ፈረሱ ሳይሆን አብሮኝ የጋለበው ነው። ለማዕረግ ተኛህ እሺ፤ እኔን ግን ጣልከኝ። በሕይወትህ ከጣልካቸው ሁሉ ሳልይዝህ የወደቅኩ እኔ ብቻ ነኝ።

ሰርጉ ላይ እመጣለሁ። ለኑርዬ ስል እመጣለሁ። ሹሮዬን እበላለሁ፤ ሙሽሮቹን እመርቃለሁ። ትግሉን ማሰማቴና አለማሰማቴ ግን በአንተ እጅ ነው። በሕዝብ ፊት ተናዘዝ አልልህም። አፈሳው አልቆመም፤ ካድሬውም ቢቀየር ወንበሩ አለ። ኑርዬን ከጫጉላው አውጥቼ ለመኪና አልሰጥም፤ እኔ አንተ አይደለሁም። ትግሉ ከመጀመሩ በፊት ወደ እኔ ና። በቀኜ በኩል ና፤ ግራው አይሰማም። ጠጋ በልና በጆሮዬ «ተኛሁ» በለኝ። ወላሂ አትበል፣ አታልቅስ፣ ምክንያቱን አትደርድር፤ ምክንያቱን እናትህ ነግረውኛል። ያቺን ቃል ብቻ ከአፍህ ልስማት።

ካልመጣህ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጬ፣ አፌን ሳልከፍት ውዬ፣ ቤቴ እገባለሁ። ከዚያ በኋላ እናትህን አትላክብኝ።

ከመጣህ ግን፣ ድሮ የወጣሁባት ድንጋይ ካለች እሷ ላይ እወጣለሁ። ማንም ወገብ ሳይያዝ፣ ማንም ሳይወድቅ፣ ድምፄ ይብዛ ይነስ ሳልጨነቅ፣ «ተነስ የኡሙሰልማ ልጅ» እላለሁ። ሰው ማን ወደቀ እያለ ዙሪያውን ያያል። አንተ ታውቃለህ።

ወድቀህ ያገኘህና የወደደህ፣
ውበቱ