ራሱን የቻለ ቤት

ይድረስ ለሴት ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበቴን ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ሩቁን ያያል፣ ቅርቡን ይስታል። ጥርሴም የቀረው ለወግ ያህል ነው። በዚህ ዕድሜ ከዚህ በላይ የሚለምን ስግብግብ ነው።

ይህን የምትጽፍልኝ የወንድምሽ ሚስት ናት። አንቺ በስልክ ንገረኝ ትያለሽ፤ በስልክ ግን ነገር አይሰምርልኝም፣ ሃሎ ሃሎ ስል ያልቃል። ያልኩትን ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ አስምያታለሁ፤ ስትጨርስም ታነብልኛለች። ስለ እሷም የምናገረው አለ። ራሷ ትጽፈዋለች፣ ምን ታደርግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድምሽና ሚስቱ ከቤታችን ጎን፣ እንጨት እናስቀምጥበት በነበረው በኩል፣ ሌላ ቤት ሊቀጥሉ ነው። ካርታው በስሜ ስለሆነ፣ ማመልከቻው ላይ የእኔ አውራ ጣት ካላረፈ የግንባታ ፈቃድ ቢሮው አይቀበልም። እኔ ደግሞ ባልገባኝ ነገር ላይ ጣቴን አላሳርፍም። ይህን ቤት እኔና እናትሽ በእጃችን ነው ያቆምነው። ማን ከዚህ ወጥቶ ወዲያ እንደሚሄድ ሳላውቅ ምን ብዬ ልፈርም? ብጠይቃቸው «ጥሩ ነው» ይሉኛል። ጥሩነቱን ማን ጠየቀ? «የማን ነው?» ነው ያልኩት።

ስሙ «ራሱን የቻለ ተጨማሪ መኖሪያ» ነው አሉ። የራሱ በር፣ የራሱ ማድቤት፣ የራሱ መታጠቢያ፣ የራሱ መብራት ቆጣሪ። እኔ እስከማውቀው ራሱን የሚችለው ልጅ ነው፤ ቤት ራሱን ቻለ ሲባል የሰማሁት ዘንድሮ ነው። አንድ ቤተሰብ ሁለት ምድጃ ምን ያደርግለታል ብዬ ወንድምሽን ብጠይቀው «ደንቡ ነው አባዬ» አለኝ። በር ለምን ለየብቻ ሆነ ስለው፣ ደንቡ ነው። ቆጣሪውስ? ደንቡ። ይህ ደንብ የሚባለው ሰውዬ ለወንድምሽ ስንቱን መልስ እንደመለሰለት!

ፕላኑን ይዛ የመጣችው መሐንዲስ ሴት ናት፤ ቀጭን፣ እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ የምትሰካ። ትዕግሥቷ ግን ወፍራም ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልኝ። ገልብጬ ይዤው ኖሮ፣ መታጠቢያ ቤቱን በረንዳ አድርጌ «ሰፊ ነው፣ ነፋስም አለው» እያልኩ ሳመሰግን ዝም ብላ አዞረችልኝ። በሩ አጠገብ ያለው ግማሽ ጨረቃ ምንድን ነው ብላት፣ በሩ ሲከፈት የሚሄድበት ነው አለች። ነጠብጣቡስ መስመር? እሱ ያለ ነገር ግን የማይታይ ነው፣ ከጣሪያ ሥር ወይም ግንብ ውስጥ የተሸፈነ፣ አለችኝ። ይህችን ወደድኳት።

አንድ ስህተት ግን አገኘሁባት። አዲሱ ቤት ውስጥ አንድ ጠባብ አልጋና አንዲት የልጅ አልጋ ሥላለች። በነባሩ ቤት ደግሞ የልጅ ልጄ አልጋ እንደ ወትሮው መስኮቱ ሥር አለ። በቤታችን ያለችው ልጅ አንዲት፣ የልጅ አልጋ ሁለት! «መሐንዲስ፣ ደግመሽ ሥለሻል፣ አንዱን አጥፊው» አልኳት። ወንድምሽን አየችው። ወንድምሽ ጫማውን አየ። «አልተሳሳትኩም አባባ» አለችና ላጲሷን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«ታዲያ የሚኖርበት ማን ነው?» ስል፣ ወንድምሽ «ተከራይ» አለ፣ ሚስቱ «እንግዳ» አለች፤ ባንድ ትንፋሽ። ተከራይና እንግዳ ምን አገናኛቸው? አንዱ ይከፍላል፣ አንዱ ይበላል።

በዚህ ጊዜ ነገሩ ገባኝ አልኩ። እኔን ሊያወጡኝ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኔን ደግሞ በፕላን። ራት ላይ ማንኪያዬን አስቀምጬ፣ ከሠራሁት ቤት ከምወጣ ሞት ይሻለኛል፣ ግድ ከሆነም ቀና ብዬ እወጣለሁ፣ ሳጥኔንም ማንም እንዳይሸከምልኝ አልኳቸው። ሚስቱ አለቀሰች። አልቅሰሻል እንጂ፤ ጻፊው። «አባባ፣ እርስዎ የትም አይሄዱም፤ እኔ ባለሁበት ነው የሚኖሩት» አለችኝ። ወንድምሽም «እውነቷን ነው አባዬ፣ አንተ እሷ ጋ ነህ» አለ። እሷ ጋ? የገዛ ቤቴ ከመቼ ወዲህ ነው እሷ ጋ የተባለው? ይኼው፣ ከገባኝ ነገር ተመልሼ ወጣሁ።

የእኔን አሠራር መቼም ታውቂያለሽ። ግንበኛ በነበርኩ ጊዜ ችካል ተክዬ፣ ሲባጎ ወጥሬ፣ የሚኖርበትን ሰው መሬቱ ላይ አጋድመው ነበር። ሰው ሲጋደም ክፍሉ ይበቃው አይበቃው እንደሆነ ይታወቃል። እናትሽን እዚሁ ግቢ ባጋድማት፣ ጎረቤት ሞተች ብሎ እየሮጠ መጥቷል። አንቺም ሕፃን ሆነሽ እንቅልፍ የወሰደሽ ቦታ ነው ክፍልሽ የሆነው። እና መሐንዲሷ ቦታውን በሲባጎ ልታሳየን በመጣች ቀን፣ እኔም «የሚኖርበት ይተኛበት!» አልኩ።

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም። ወንድምሽ ኮቱን አውልቆ፣ አጥፎ፣ የጠባቡ አልጋ ቦታ ላይ ገብቶ በጀርባው ተዘረጋ። ልኩ ነው፤ እግሩ እንኳ ሲባጎውን አልነካም። የልጅ ልጄ ደግሞ ማንም ሳያሳያት ሮጣ ከአጠገቡ፣ የትንሿ አልጋ ቦታ ላይ ተጋደመች። ቦታውን አስቀድማ ታውቀው ኖሯል። «እናትሽስ?» ብላት «እማዬማ ያኛው ቤት ናት» አለችኝ። ሚስቱ ከሲባጎው ወዲህ ቆማለች። ሲባጎ እኮ ነው፤ አንድ እርምጃ ነው። አልተሻገረችውም።

ግራ ገባኝ። ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ የደረስኩበት፣ ማንኮራፋቱ ነው። ወንድምሽ እኔን ነው የወጣው፤ ሲያንኮራፋ ግድግዳ አልፎ እኔ ዘንድ ይደርሳል። እናትሽ ግን የእኔን በክርኗ ጎሸም እያደረገች ዕድሜዋን ሙሉ ችላዋለች። ለማንኮራፋት ተብሎ ግንብ ይገነባል? ሚስቱን ብጠይቃት «እሱ ነው አባባ፣ ማንኮራፋቱ ነው» አለችና የተሰጣ ልብስ ልትሰበስብ ወጣች። ልብሱ ገና እርጥብ ነበር።

ጠብ ነው እንዳልል፣ ጠባቸውን አውቀዋለሁ። ድሮ ሲጣሉ የጎረቤት ውሻ ይጮህ ነበር። አሁን አንድ ክፉ ቃል የለም። «እባክሽ ጨው አቀብይኝ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ምንም አይደል»። ባንክ ቤት የገባሁ ነው የሚመስለኝ። ሰከኑ፣ አደጉ ብዬ ተመስገን ብያለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ አንቺ በሩቅ የሰማሽው ካለ ላኪብኝ።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ እጄ ደከመ ብላ ተነስታ ነበር። ተመልሳለች፤ ፊቷን ታጥባለች።

ስለ ጣቴ ልንገርሽ። መሐንዲሷ ማመልከቻውን ይዛ ትናንት መጣች። በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ በር አውጪልኝ፣ ጣቴን እሰጥሻለሁ አልኳት። አይሆንም አለች። በሁለት መኖሪያ መካከል ያለ ግንብ እሳት እንዳያሻግር ድፍን መሆን አለበት፣ አንዱ ቤት ሲቃጠል በሌላው ያለው ሰው እንዲተርፍ ነው አለችኝ። ልክ ናት። እሳት በበር ሲዘል አይቻለሁ፤ አልተከራከርኳትም። ወንድምሽና ሚስቱም «በር አያስፈልግም» አሉ። ተከራይና እንግዳ ብለው የተለያዩት ሰዎች እዚህ ላይ ቃላቸው አንድ ሆነ።

ወረቀቱን ደግሜ አየሁና ሌላ ጠየቅኳት። ግንቡ ድፍን ይሁን። ግን በር ቢኖር ኖሮ ከራሱ በላይ የሚጋደመውን ቢም አሁኑኑ ግንቡ ውስጥ አስገቡልኝ፤ ከሥሩ ያለውን በብሎኬት ሙሉት። ቢሙ ካለ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ብሎኬቱን ቢያወጣ ከላይ ያለው አይወርድም። ከሌለ ግን በር ልክፈት ያለ ቀን ሁለቱም ቤት ነው የሚሰነጠቀው። ቢሙ እዚያ ተቀምጦ እንጀራ አይጠይቅ፣ ማንንም አያስቸግር። ይኼስ ይፈቀዳል ወይ አልኳት።

እርሳሷን ከጸጉሯ መዘዘች። ግንቡ ድፍን እስከሆነ ይፈቀዳል፤ ያኔ በሩን መክፈት ሲፈልጉ ግን እሳት የሚችል በር አዘጋጅተው እንደገና ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው አለችኝ።

«እነሱ ይጠይቁ» አልኳት።

ግንቡ መሃል ላይ አጭር ነጠብጣብ መስመር ሣለችልኝ። ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩ።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ፊደል ያልቆጠርኩ ሽማግሌ ነኝ፤ ነገሩ አሁንም አልገባኝም። ግንብ ግን አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ አሁን አንብባልኛለች። «እነሱ ይጠይቁ» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿ ጠፋብኝ። ጆሮዬ ነው ብዬ ድገሚው አልኳት፤ ደገመችው።

በይ እንግዲህ፣ ፈጣሪ ቤትሽን ከእሳትም ከዝምታም ይጠብቅልሽ። ልጆችሽ በአንድ በር ገብተው በአንድ በር ይውጡ። ባልሽ የሚያንኮራፋ ከሆነ ጎሸም አድርጊው፣ አትተይው። ስትመጪ ሁለት በር ነው የምታገኚው፤ የቱን ላንኳኳ ብለሽ ግራ እንዳይገባሽ። እኔ ወንበሬን ከሁለቱ መካከል አውጥቼ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ

ጣቴ ይኸው ከሥር አለ። የማመልከቻው ቀለም ገና አልለቅ ብሎኛል።