አንለይ እስኪታከም ፍቺያችን እንዲዘገይ

ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወረዳው ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት
ወረታ

አቤት ባይ፦ ወ/ሮ ይታይሽ ገበያው (በፍቺው መዝገብ ተጠሪ)
አድራሻ፦ ፎገራ፣ ርብ ወንዝ ዳር

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ አቶ አንለይ ዘመነ ያቀረበው የፍቺ ጥያቄ ሕክምናው እስኪታይ እንዲቆይልኝና ነገሩ በዝግ ችሎት እንዲሰማልኝ ስለመለመን

1. እኔ አቤት ባይዋ ከአንለይ ዘመነ ጋር በቁርባን ተጋብተን ርብ ዳር ሩዝ እያረስን የምንኖር ነን። ባለቤቴ ለዚህ ፍርድ ቤት የፍቺ ማመልከቻ አስገብቷል። ምክንያቱን ሲገልጽም “መስማማት አልቻልንም” ብሏል። ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ፣ እኛ ከተጋባን ጀምሮ ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። የሚያፋታን ሌላ ነገር ነው። እሱ አፍሮ ደበቀው፤ እኔም አፍራለሁ፤ ግን እናገራለሁ። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ ቃሉ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል በተማርኩት ራሴ ጽፌዋለሁ። የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝብኝ ይቅርታ እንዲደረግልኝ እለምናለሁ።

2. ካቻምና ክረምት ባለቤቴን የአእምሮ ሕመም ያዘው። እንቅልፍ አጣ፤ ሰው በሌለበት ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ ጎረቤት ሊገድለኝ ነው እያለ በሬ መጥመድ ተወ። ጠበል ወሰድነው። የነፍስ አባታችን ቄስ ዓለምብርሃን፣ ጠበሉን እየተጠመቀ ሐኪምም ይየው ስላሉን ወረታ ሄደን ኪኒን ተጀመረለት። ኪኒኑ አዳነው። ድምፁ ጠፋለት፤ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ከሰው ጋር መሳቅ ጀመረ።

3. ከዚያ በኋላ ግን ከእኔ ጋር እንደ ባልና ሚስት መሆን አቃተው። ፍላጎቱ ጠፋ፤ ቢፈልግም አካሉ አልታዘዝለት አለ። መድኃኒቱ ይህን ሊያመጣ እንደሚችል የነገረን አልነበረም፤ እኛም መጠየቅ አላወቅንም። እሱ ድግምት አሰሩብኝ አለ። እኔ ደግሞ ጠላኝ ብዬ ጓሮ እየገባሁ አለቀስኩ። አንድ መደብ ላይ ጀርባ ለጀርባ ከረምን። አማቴ በዘመድ ፊት ልጅ ለምን ዘገየ ብለው ሲጠይቁኝ እሱ ምግቡን ትቶ ተነስቶ ወጣ።

4. ዘንድሮ መስከረም ላይ ባሌ ባል ሆነልኝ። ደስ አለኝ፤ የደስታዬን ምክንያት ግን አላወቅሁም። ለካ ችግሩ ከኪኒኑ ሳይመጣ አልቀረም ብሎ ጠርጥሮ፣ ኪኒኑን ምላሱ ሥር እየያዘ ውጭ ይተፋው ኖሯል። የሩዝ አጨዳ ሲደርስ ድምፁ ተመልሶ መጣበት። ማጭዱን ጥሎ “ና ይሉኛል” እያለ ወደ ርብ ሮጠ። አብረውት ሲያጭዱ የነበሩ ሰዎች ተከትለው ከውኃው ጎትተው አወጡት፤ እንዳያመልጥም እጁን በገመድ አስረው አመጡልኝ። ገመዱን ስፈታለት ቀና ብሎ አላየኝም።

5. መልሰን ወረታ ስንወስደው የተቀበለችን ሲስተር ሰገን የምትባል የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። ኪኒኑን ለምን እንደተወ ብትጠይቀው አቀረቀረ። እኔን ለብቻዬ ስትጠይቀኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም፤ አልደነገጠችምም። ቀጥላ እሱን ለብቻው አስገብታ ብዙ አነጋገረችው። ነገሩ ከሕመሙ በፊት ነበረ ወይስ ከኪኒኑ በኋላ መጣ፣ ጠዋት ሲነሳ አካሉ እንዴት ነው፣ አረቄ ይጠጣል ወይ፣ የሚያስጨንቀው ሐሳብ አለ ወይ እያለች እንደጠየቀችው በኋላ ነግሮኛል። የደም ግፊቱንና ስኳሩን አስለካች፤ ደህና ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻም ሁለታችንን አንድ ላይ አስቀምጣ፣ ይህ ስንፈተ ወሲብ የሚባል ችግር መሆኑን፣ ከኪኒኑ የመጣ እንደሚመስላት፣ ፍርሃቱም እንዳባሰው፣ ድግምትም የእኔ ጥፋትም እንዳልሆነ አስረዳችን።

“መድኃኒቱን በራስህ አትተው” አለችው። “ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስልህ ወይም በሌላ ሊለውጥልህ ይችላል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ መላ አለው።”

ባሕር ዳር ካለ የአእምሮ ስፔሻሊስት ዘንድ ቀጠሮ አስያዘችልን። ቀጠሮው የካቲት 24 ነው። የፍቺው ችሎት የተቀጠረው ግን የካቲት 3 ነው።

6. ባለቤቴ ኪኒኑን እንደገና ጀመረ። ድምፁ ጸጥ አለለት፤ ያም ችግር ተመለሰ። ቀጠሮው እስኪደርስ ታገስ ብዬ ብለምነው፣ “ስድን ባል አልሆንልሽም፤ ባል ስሆንልሽ አብዳለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አላገኘኋቸውም። ገና ልጅ ነሽ፤ ሂጂና ውለጂ” አለኝ። በማግስቱ ማመልከቻውን አስገባ። በሬዎቹም መሬቱም ለእሷ ይሁኑ ብሎ መጻፉ ስለዚህ ነው። ሰው ለራሱ አንዳች ሳያስቀር ከቤቱ ሲወጣ ወዴት ሊሄድ ነው? ከፍርዱ በኋላ አትፈልጉኝ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ብቻውን አልተውኩትም፤ ወደ ወንዝ ሲወርድ ሥራ ያለኝ መስዬ እከተለዋለሁ። እንዲህ ሆኜ ግን ስንት ቀን እጠብቀዋለሁ? ጉልበቴ አልቋል።

7. በአገራችን ሴት ልጅ የባሏን ገመና ደጅ አታወጣም። እኔ ያወጣሁት ዝምታው ባሌን ሊወስድብኝ ስለሆነ ነው። ሕጉ ለተጋቢዎች የማሰቢያ ጊዜ እንደሚፈቅድ ሰምቻለሁ። ስለዚህ፦

ሀ) ሐኪሙ አይቶት መድኃኒቱ እስኪስተካከልለት ድረስ የፍቺው ውሳኔ እንዲቆይልኝ፤

ለ) የምንሰማው በዝግ ችሎት ሆኖ ይህ ጽሑፍ በሰው ፊት እንዳይነበብብን፤

በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ሐኪሙ ካየው በኋላም ባይሆን፣ ልጅም ባንወልድ፣ እኔ ፍቺ አልፈልግም። ይህም ቃሌ በመዝገቡ ይያዝልኝ።

8. ይህን ልጽፍ ስቀመጥ አልደበቅሁትም፤ የምጽፈውን ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። “አንቺ ታገስ ስትዪኝ አዝነሽልኝ ይመስለኛል። ዳኛ ጠብቅ ካለኝ ግን እጠብቃለሁ” አለኝ።

ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ፣ እኔ ያለኝን ቃል ሁሉ ጨርሻለሁ፤ አልሰማኝም። ያችን አንዲት ቃል እርስዎ ይበሉልኝ።

የጻፍኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ እያረጋገጥኩ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

ይታይሽ ገበያው
(ፊርማ)