ጉልላት የሌለው የሺያን መስጊድ

ወንድሜ ካሳው፣ አንተን የመሰለ አናጢ ይህን ሳያይ መቅረቱ ቆጭቶኝ ይህን ባለፎቶ ፖስት ካርድ ገዛሁልህ።

ለመስኖ ሥልጠና የመጣሁት ሺያን የሚባል የቻይና ከተማ ነው። ለጁምዓ የሰፈሩን መስጊድ ስፈልግ በሩን ሁለት ጊዜ አለፍሁት፤ ጉልላትም ረጅም ሚናራም የለው፣ የሸክላ ጣሪያው ጫፍና ጫፉ ወደ ሰማይ የተቀለበሰ የቻይና ቤት ነው። አንድ ሽማግሌ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው አስገቡኝ። ውስጡ ያለ ሚስማር የተጋጠመ እንጨት ነው፤ ቁርኣን ተቀርጾበታል። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የአንዱ ምሰሶ ሥር ቢበሰብስ፣ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጠው በአዲስ እንጨት ቀጥለውታል።

«ለምን አፍርሳችሁ በብሎኬት አልሠራችሁትም?» ብዬ በአስተርጓሚ ጠየቅኋቸው።

«እግሩ የታመመን ሰው ትቀብረዋለህ?» አሉኝ።

የአገራችን የጎብዬው ክብ መስጊድ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የመስጊዱ ኮሚቴ ከማሽላ አጨዳ በኋላ አፍርሰው ብሎሃል፤ እባክህ የወይራ ምሰሶዎቹን እኔ ሳልመጣ እንዳትነካ። ይህን ፎቶ ለሸህ ይመር አሳያቸው። የምሰሶውን ቅጥያ የሠሩት አናጢ ነገ ሊያስተምሩኝ ቀጥረውኛል።

ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ሚስትህን ደብሪቱንም «እስክመጣ መጥረቢያውን ደብቂልኝ ብሎሻል» በላት።

እንድሪስ