ስሙ የማይነገር አባት

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.፣ መርሳ

ልጄ ደምሴና ሚስቱ የሺ ዛሬ ጧት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። አልመረቅኋቸውም። ዘጠኝ ዓመት ጠበል ለጠበል ከተንከራተቱ በኋላ ደምሴ ዘር እንደሌለው ሐኪም ነገራቸው። አሁን የሌላ ወንድ ዘር በማህፀኗ ሊያኖርላት ነው። የሰውየውን ስም ግን አይነግራቸውም።

ትናንት ሊሰናበቱኝ ሲመጡ፣ «ለዚህ ልጅ ሰባት ቤት እንዴት ይቆጠርለታል? ሳያውቅ እህቱን ቢያገባስ?» አልኋቸው። የአገሩ ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት ዝምድና የሚያስቆጥረው እኔ ዘንድ ነው።

«እንግዲያው ከፈረንጅ ይሁና! መርሳ ላይ ዘመድ አይገኝለትም» አለች የሺ። ደምሴ ሊስቅ ብሎ ፊቴን አየና ተወው።

«ቀልድሽን ለራስሽ አድርጊው» አልኋት።

«አባባ፣ የሚቆጥሯቸውን አባቶች ማን ነገረዎት?»

«ልጆቻቸው ናቸዋ።»

«ለልጆቹስ የነገረቻቸው እናታቸው አይደለችም?»

«ከቤቴ ውጪ!» አልኋት። ደምሴም ተከትሏት ወጣ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጆቻቸውን ሊያጋቡ ያሰቡ ሁለት ሰዎች ከግራና መጡ። ደብተሬን ገልጬ መቁጠር ጀመርሁ። አራተኛው ቤት ላይ ስደርስ ቆምሁ። ሁሉንም የጻፍሁት እንደተነገረኝ ነው፤ አንዱንም በዓይኔ አላየሁም።

«ምነው ጋሼ፣ ይዛመዳሉ እንዴ?» አለ አንደኛው ደንግጦ።

እስከ ሰባት ቆጥሬ ጨረስሁና «አይዛመዱም፤ ይጋቡ» አልሁ። ጉልበቴን ስመው «ይመርቁን» አሉኝ። ተነሥቼ ቆሜ መረቅኋቸው።

አውቶቡሱ ይህን ጊዜ ደሴን አልፏል።