ከፊት አሥራ ሁለት እርምጃ

ራስ ዘይቱን፣ ሰኞ ኖቬምበር 14 ቀን 2022

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለራውፍ፣ ግሬኖብል፤

ጉልበትህን እያመመህ እንደሆነ ከአክስታችን ልጅ ሰማሁ። አንተ ግን በስልክ «ደህና ነኝ» ብለህ ዘጋኸኝ። እኔም ደህና ነኝ፤ ስኳሬ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። የወይራ ለቀማው ተጀምሯል፤ ዝናቡ ስለዘገየ ፍሬው ዘንድሮ ትንንሽ ነው። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። እዚያ ያለው ሰውዬ ፖስታ ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃን ሲያይ ሁለት ጊዜ ደርሼበታለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ወደ ሊዮን ስለምትመለስ በእሷ እጅ ሰደድሁት፤ ለእሷም ቢሆን ፖስታውን በደንብ አጣብቄ ነው የሰጠኋት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህና እውነቱን ንገረኝ። ኢናስ የምትባል ልጅ ልከህብኛል?

ባለፈው ሐሙስ በሬን አንኳኳች። ከቱኒስ ነኝ፣ የራስ ዘይቱን ኦፕንን ታሪክ እየጻፍኩ ነው አለች። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት የቆመ የጎልፍ ውድድር ታሪክ ማን ሊያነበው? አላመንኳትም። መጀመሪያ የሜዳው ባለቤት የሆነው ሆቴል ሰዎች ሜዳውን ሊሸጡት ፈልገው የላኳት መሰለኝ። ኋላ ጫማዋን ሳይ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው፤ አሥራ ስምንቱንም ጉድጓድ በእግሯ ዞራ ነው የመጣችው። ሰላይ እንዲህ አይለፋም ብዬ አስገባኋትና ሻይ ቀዳሁላት።

የማታውቀው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያው ውድድር ሲካሄድ ሳሩ ገና ስላልያዘ አራቱን ጉድጓዶች አሸዋ ላይ እንደቆረጥናቸው ታውቃለች። በሦስተኛው ዓመት ነፋስ የዳኞቹን ድንኳን ነቅሎ ባሕር ውስጥ እንደከተተው ታውቃለች። ዘጠኝ ጊዜ ተካሂዶ ለምን እንደቆመ ስትጠይቀኝ፣ ሆቴሉ ባለቤት ስለቀየረ ነው አልኳት። ለሁሉም የምለው እንደዚያ ነው። ከተማው የሚያወራውን ግን አንተም ታውቃለህ፤ የአገሩ ልጅ ዋንጫውን ሊያነሳ ሲል በሽፍጥ ስለተቀማ ከዚያ በኋላ ውድድሩን ሊያይ የፈለገ ሰው ጠፋ፣ ሽፍጡን የሠራው ደግሞ ዱላህን የሚሸከምልህ ጓደኛህ ኢዘዲን ነው ይላሉ። አንተም የምታምነው ይህንኑ ነው።

ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አውርተን ስለማናውቅ፣ ከገመዱ ውጭ ቆሜ ያየሁትን ልጻፍልህ። ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ስትደርሱ እንግሊዛዊውን ፕራውትን በአንድ ምት ትመራው ነበር። ከታች ሆኖ የባንዲራው ጫፍ እንጂ ጉድጓዱ አይታይም። ኢዘዲን ጠዋት ለሁሉም የታደለውን፣ ጉድጓዱ ከሳሩ መደብ ፊተኛ ጠርዝ በስንት እርምጃ እንዳለ የሚናገረውን ወረቀት አይቶ «ከፊት አሥራ ሁለት እርምጃ» አለህ። አንተም እንደ ልማድህ አስተካክለህ መታህ፤ ኳስህ ልክ አሥራ ሁለቱ ላይ አረፈች። ጉድጓዱ ግን አሥራ ስድስት ላይ፣ ከጉብታው ኋላ ነበር። ያን ቀን ብዙዎቹ ኳሳቸው አጥሮባቸው ነበር፤ ሁሉም ነፋሱን ረገሙ። ፕራውት ተሳስቶ አስረዘመውና ኳሱ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመለት። እሱ በአንድ ምት ጨረሰ፣ አንተ ሦስት ፈጀብህ፤ በአንድ ምት ተሸነፍህ። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት ኢዘዲንን «ሸጥከኝ» አልከው። አሥራ ሁለት ነው የሚለው ብሎ ማለልህ፤ ወረቀቱን አሳየኝ ስትለው ኪሱ ውስጥ አጣው። የሌላ ተጫዋች ወረቀት እንኳ ሳታይ ጥለኸው ሄድህ፤ በወሩ ፈረንሳይ ገባህ።

ኢናስ ከቦርሳዋ ያወጣችው ያንኑ ወረቀት ነው፣ ራውፍ። በክለቡ ምድር ቤት ከረጠበ ካርቶን ውስጥ የውድድሩ ኃላፊ የሚስተር ዊትል ፊርማ ያለበትን አንዱን ቅጂ አግኝታለች። አሥራ ስምንተኛው፣ ከፊት አሥራ ሁለት፣ ከግራ አምስት ይላል። ኢዘዲን አልዋሸህም።

አጠገቡ ደግሞ የዚያን ቀን ፎቶ አስቀመጠችና በአክብሮት «ሲ» ብላ ጠራችኝ።

«ሲ ሙንጂ፣ ወረቀቱ አሥራ ሁለት ይላል፤ ባንዲራው ግን ከጉብታው ኋላ ነው የሚታየው። ጉድጓዱን የሚቆርጠው ማን ነበር?»

«ሳሩን የምንንከባከብ ብዙ ነበርን» አልኳት።

«አራት ነበራችሁ። መቁረጫውን የሚይዘው ግን አንድ ሰው ነበር ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«የጠየቅሁት ሰው ሁሉ።»

በመጪው ሐሙስ መልስዎን ልሰማ እመጣለሁ አለችኝና የወረቀቱን ቅጂ ትታልኝ ሄደች። ያኔ ሌላ ነገር ገባኝ፤ ይህቺን ልጅ የላካት ኢዘዲን ነው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲያደባ ቆይቶ ነው አልኩ። በማግሥቱ ወደ ወደቡ ወረድኩ። እዚያ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ካንተ መሄድ ወዲህ በራስ ሰላምታ እንተላለፋለን እንጂ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ሁሌ የምሸሸው እኔ ነኝ።

ልጅቷን አንተ ነህ ወይ የላክሃት ስለው የምን ልጅ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ቅባት እንዳይነካው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለኝ። አንብቦት ሲጨርስ ዓይኑ ሞልቶ አየሁ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ያን ቀን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እኮ ተመልሼ ነበር። ዊትል ጉድጓዱ እዚህ ይቆረጥ ብሎ የቀባው ነጭ ነጥብ አሥራ ሁለቱ ላይ እንዳለ ነው። ሰው ልጠራ ዞር ስል አንተ መቁረጫህን ይዘህ መጣህ። ዛፍ ተገን አድርጌ አየሁህ፤ ነጥቡን ከነሳሩ ቆርጠህ ወሰድከው፣ ሌላ ሳር ተካህበት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

«ከሁለታችን አንዱን ማጣቱ ካልቀረ፣ ወንድሙን ከሚያጣ እኔን ይጣ ብዬ ነዋ።» ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። «እሱ ግን ሁለታችንንም ትቶ ሄደ።»

እንግዲህ ልንገርህ። ሚስተር ዊትል ሁልጊዜ በዋዜማው ጉድጓዱ የሚቆረጥበትን ቦታ በነጭ ቀለም ነጥብ ያደርጋል፤ እኔ ጎህ ሲቀድ እዚያው እቆርጣለሁ። ያን ሳምንት በፀጉር አስተካካዩ ቤት ወሬው ሁሉ ስለ እኛ ነበር። ትልቁ ጉድጓድ ይቆርጥለታል፣ ትንሹ ኳስ ይከታል እያሉ ይስቁ ነበር። ዊትልም ነጥቡን ሲያደርግ ቀና ብሎ አየኝና ለወንድምህ የሚመች ቦታ ነው አለኝ። ቀልዱን ይሁን ጥርጣሬውን ዛሬም አላውቅም። ቦታው ደግሞ እውነትም አንተ ከልጅነትህ ጀምረህ የምትለማመድበት ነበር። ብታሸንፍ ወንድማማቾቹ ሰረቁ ይሉናል ብዬ ፈራሁ። ጠዋት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ወስጄ ቆረጥሁት። ዊትል ሁሌ ማለዳ ዞሮ ስለሚያይ አግኝቶ ወረቀቱን ያርመዋል ብዬ ነበር። ያን ቀን ሳይዞር ቀረ። አንተም ከአሥራ ስድስትም ቢሆን ታሸንፋለህ ብዬ አሰብሁ። ለራሴ ይህን እየነገርኩ ነው ያረጀሁት።

ብቻ፣ ያን ጠዋት ኢዘዲንን መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር። ደህና አደርክ ብዬው አለፍሁ።

ትዝ ይልህ እንደሆነ የተጫወትከው በእኔ ጫማ ነበር። ለሁለት አንድ ጫማ ስለነበረን እኔ መጫወት ያቆምሁት ለአንተ የሰጠሁህ ቀን ነው። በዋዜማው እማዬ ጫማውን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ቀለም ስትቀባልህ ነበር። የእኔ እንደሆነ የረሳችው መሰለኝ። ይህን ለምን እንደጻፍኩልህ አላውቅም።

ሐሙስ ልጅቷ ስትመጣ መቁረጫውን የያዝሁት እኔ ነኝ ብዬ እነግራታለሁ። በመጽሐፍ ከምታነበው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የቸኮልሁት። ለእኔ መልስ አትጻፍልኝ፤ አልጠብቅም። ለኢዘዲን ግን ጻፍለት። ከወደቡ ጫፍ ያለው ሰማያዊ በር ነው፤ አድራሻ ባይኖረውም ይደርሰዋል። አንድ ቀን ብትመጣም መጀመሪያ እሱ ቤት ግባ። የእኔ ደጅ ክፍት ሆኖ ይቆይሃል፤ ብታልፈውም አልቀየምህም።

አላህ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ እንደ እኔ ያለ ወንድም አይስጣቸው።

ጉድጓዱን የቆረጠው ወንድምህ፣
ሙንጂ