ልጄ አልጠየቀችኝም

ኖቬምበር 22፣ ኮንካርኖ

ዳኞቹ አንቺን ከውድድሩ ለመሰረዝ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ።

ሶአዚግ ልጄ፣

እጅሽ እንዴት ሆነ? በቴሌቪዥን ሳይሽ ቀኝ መዳፍሽ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ገመድ የላጠው እጅ በጨው ውሃ አይታጠብም። ይህን ታውቂያለሽ፤ እያወቅሽ እንደማትጠነቀቂም እኔ አውቃለሁ። እናትሽ ደህና ናት። ጣሪያውን የሚጠግነው ሰውዬ ዛሬም አልመጣም። የቤቱ ወሬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነው።

የምጽፍልሽ እዚህ ወደቡ ላይ ባለው የጀልባ ውድድሩ ጽሕፈት ቤት፣ በማሪቮን ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ማሪቮን ጸሐፊያቸው ብትሆንም አንድ ክፍል የተማርን ስለሆንን አታፍረኝም፣ አላፍራትም። ደብዳቤውን በኮምፒውተር ትልክልሻለች። አሁን ፊቴ ላይ ሌላ ወረቀት አስቀምጣለች፤ የዳኞቹ ሰብሳቢ ሙሴ ደሎኑዋ ውድድሩ ካለቀበት ከጓዴሉፕ አዘጋጅቶ የላከው ነው። «ልጄ በውድድሩ ሦስተኛ ቀን ስለ ነፋሱ እንደጠየቀችኝና እንደመለስኩላት አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ ለፊርማ መስመር ተሰምሮበታል።

ቃሉ የአንቺ ነው። መድረሻው ላይ ሁሉም ተወዳዳሪ «ከውጭ እርዳታ አላገኘሁም» ብሎ የሚፈርመውን ወረቀት ሲሰጡሽ አልፈረምሽም። በገዛ እጅሽ «አባቴን ጠየቅኩት፣ ነገረኝ» ብለሽ ጻፍሽበት። የከሰሰሽ አልነበረም። ስልኩን የሰማ አልነበረም። አሥራ ስምንት ቀን ብቻሽን በሸራ ጀልባ ውቅያኖስ አቋርጠሽ፣ ሦስተኛ ወጥተሽ፣ ልብስሽን ሳትቀይሪ በራስሽ ላይ ፈረድሽ።

እውነቱን ብትጽፊ አልናገርሽም ነበር። የጻፍሽው ውሸት ነው።

የሆነውን እኔ ልንገርሽ፤ አንቺ የረሳሽው ትመስያለሽና። በወጣሽ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ፋንሽ ከዓሣ ማጥመጃ መርከቡ በሬዲዮ አገኘኝ። ከእኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት መረብ የጎተተ ሰው ነው፤ ያለ ምክንያት አይጠራኝም። ካንቺ በስተምዕራብ ሰማንያ ማይል ላይ ነበር። «ጉልቨን፣ መረቤን ሰብስቤአለሁ» አለኝ። «ሞገዱ ከሁለት ወገን ይመጣል። ትንበያው የነፋሱ ፍጥነት ሠላሳ አምስት ኖት ነው ይላል፤ እኔ ጋ አሁኑኑ ሃምሳ አልፏል።» የጀልባዎቹን መንገድ በሚያሳየው የውድድሩ ካርታ ላይ አየሁሽ። ነጥብሽ በቀጥታ ወደዚያ ይሄድ ነበር።

ደወልኩልሽ።

«ሶአዚግ፣ ፋንሽ መረቡን ሰብስቧል» አልኩሽ።

«አባዬ፣ ስለ አየሩ ከሆነ አትንገረኝ።»

«ካንቺ ሰማንያ ማይል ላይ ነው...»

«አባዬ፣ ዝም በል። አይፈቀድም፤ ታውቃለህ።»

ዝም አላልኩም። በድምፅሽ ላይ ጮኬ ጨረስኩት። ሞገዱን ነገርኩሽ፣ ነፋሱን ነገርኩሽ፣ «ወደ ደቡብ ዙሪ» አልኩሽ። ስልኩን ዘጋሽው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ነጥብሽ ወደ ደቡብ ዞረ። ወደ ምዕራብ ከገፉት አንዱ የሸራ ምሰሶው ተሰበረበት፣ ሌላው ወደ ስፔን ተመለሰ። ምናልባት ሳልነግርሽም ትዞሪ ነበር። ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፣ እኔም አልጠይቅሽም።

እንግዲህ በዚህ ውስጥ የጠየቀው ማነው? ሳይጠሩት አቤት ያለው እኔ ነኝ።

ሕጉን አንቺም እኔም በቃላችን እናውቃለን። ተወዳዳሪው ጠይቆ ከተነገረው ይሰረዛል፤ ተናጋሪው አይነካም። ሳይጠይቅ ከተነገረው ስምንት ሰዓት ይጨመርበታል፤ ተናጋሪው እንደ እኔ የውድድሩ ሰው ከሆነ ደግሞ ከሥራው ይባረራል። ስምንት ሰዓት ቢጨመርብሽ አምስተኛ ትሆኛለሽ። አምስተኛ ስም አለው። የተሰረዘ ሰው ስም የለውም። አንቺ ይህን ሁሉ አስልተሽ አባቴ ከሚባረር እኔ ልሰረዝ አልሽ።

ማን ፈቀደልሽ?

አሥራ አራት ዓመት በየጀልባው ወገብ ውስጥ ተጎንብሼ የሞተሩን ዘንግ በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ያተምኩ እኔ ነኝ፤ ማንም በሞተር ሰርቆ እንዳይሄድ። አንድም ሳንቲም አልተከፈለኝም። ያንቺን ጀልባ እንኳ በእጄ አላተምኩም። ልጄ ናት ብዬ ሌላ ሰው አስመጣሁ፣ እኔ የወደቡ መሳፈሪያ ድልድይ ላይ ቆሜ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየሁ። ሰዉ ያመነኝ ለዚህ ነው። ይህን እምነት ጥዬው ከሆነ የጣልኩት እኔ ነኝ። አንስተሽ ኪሴ ውስጥ የምትከቺልኝ ሽማግሌ አይደለሁም።

ትናንት ወደ ዓሣ ጨረታው አዳራሽ ሄጄ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ዦዌል ከነጎማ ቦቲው በሩ ላይ ቆሟል። «ጉልቨን፣ ነገ ነፋሱ ከየት ነው?» አለኝ። «ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ ዳኛ እንዳይሰማ።» ዙሪያው የቆሙት ሳቁ። ይህን እችለዋለሁ፤ ይገባኛልም። ቀጥሎ የተናገረውን ነው ያልቻልኩት። «ዕድለኛ ነህ» አለ፣ «ወልዶ መጦር ማለት ይኸ ነው። ልጅህ ጉድህን ከደነችልህ።» ያን ጊዜ ግን የሳቀ የለም። ሁሉም ያውቁሻል፤ እንደማትጠይቂ ያውቃሉ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሙሴ ደሎኑዋ ራሱ ደወለልኝ። ድምፁ እንደ ሐኪም ነው።

«ነገሩን ባናወሳስበው ምን ይመስልዎታል?» አለኝ።

«ማን አወሳሰበው?»

«ልጅዎ በጨዋነት አምናለች። የኛ ሰው ለአንዲት ተወዳዳሪ ሹክ አለ ከሚባል ይህ ይሻላል። ጋዜጠኞች አሉ፣ የሚደግፉን ድርጅቶች አሉ።»

«እሷ አጭበረበረች ቢባልስ ለማን ይሻላል?»

«ወጣት ናት፤ ሌላ ጊዜ ትመለሳለች። ለእርስዎም በዚህ ዕድሜ...»

«ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው» አልኩት። «የኔን ዕድሜ ደግሞ ለኔ ተወው።»

በአንተ ስጠራው ስልኩን ዘጋ። እሱ እውነቱን የሚያውቅ ይመስለኛል። እኔና አንቺ ሁለት ውሸታሞች ሆነን ከተስማማንለት ሥራው ይቀልለታል። ለምን ይመረምራል?

እናትሽም አላዘነችልኝም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስፎክር ሰምታ ድንቹን መላጥ አቆመች። «ሃያ ስድስት ዓመት አየርላንድ ባሕር ላይ ነበርክ» አለችኝ። «አንድ ቀን ደውለህ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ነግረኸኛል? እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። አንተ ሦስት ቀን ቆመህበት አበድክ።» ዝናብ ቢሆንም ወጥቼ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ።

ሶአዚግ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ በትንሿ ጀልባ ወደብ ውስጥ አብረን ነበርን። «አባዬ፣ ወዴት ላዙር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ነፋሱን ጠይቂው፤ እኔን አይደለም» አልኩሽ። ጥሩ ትምህርት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠይቀሽኝ አታውቂም። የመጀመሪያ ጀልባሽን ስትገዢ ከጋዜጣ ሰማሁ። ወገብሽን ስትታመሚ ከጎረቤት ሰማሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጥያቄ አልጠየቅሽኝም፤ አሁን ያልጠየቅሽውን አንድ ጥያቄ ፈልስፈሽ በዳኞች ፊት አስመዘገብሽ። የተናደድኩት በዚህ ነው። ጠይቀሽኝ ቢሆን ደስ እያለኝ በጥፋትሽ እመሰክርብሽ ነበር።

ይህን መስመር ልሰርዘው ነበር። ይቅር፣ ይቀመጥ።

የነሱን ወረቀት አልፈረምኩም። የራሴን ጽፌአለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ልጄ አልጠየቀችኝም። ሁለት ጊዜ አስቆመችኝ። እኔ የውድድሩ የሞተር አታሚ ሳለሁ፣ ሕጉን እያወቅኩ፣ በግድ ነገርኳት። ጉልቨን ለ ጎፍ።» ሌላ ምንም የለበትም፤ ስለ ፍርሃቴ ቢጠይቁኝ ዳኛን አይመለከትም እላለሁ። የፋንሽን ስም አላስገባሁም። እሱ ለጓደኛው ነው የተናገረው፤ ሰውን በጓደኝነት አይከሱም።

ማሪቮን ቆማ አነበበችውና መነጽሯን አወለቀች።

«ይህን ከላክሁት ከእንግዲህ በዚህ በር አትገባም» አለችኝ።

«በመስኮት ታነጋግሪኛለሽ።»

«አንተ ሰው፣ ልጅህ ሰጠችህ እኮ። የሰጡህን መቀበል ምን አለበት?»

«እሷ የሰጠችኝ ስሟን ነው። ያንቺን ማሽን አስነሺ።»

አሁን ወደ ጀርባው ክፍል ገብታለች። ሁለት ቅጂ ታወጣለች፤ በሁለቱም ላይ ስፈርም አንዱን ለጓዴሉፕ ትልካለች፣ ሌላውን ለኔ ትሰጠኛለች። እስከዚያው ይህን ልጨርስልሽ።

ስምንት ሰዓቱን ሲጨምሩብሽ አትከራከሪ። አምስተኛ ሆነሽ ወደ መድረኩ ውጪ፣ ፀጉርሽን አበጥሪ፣ እናትሽ ታይሻለች። እጅሽን ሐኪም ይየው። ጀልባዋን በመርከብ ጭነሽ ተመለሺ እንጂ በዲሴምበር ብቻሽን ወደ ሰሜን አትምጪ። ይህን ስለ አየሩ መናገር ካሉት ውድድሩ አልቋል፣ መብቴ ነው። ለማትጠይቅ ሰው ሳትጠይቅ የሚሰጥ አምላክ አይለይሽ።

አባትሽ ጉልቨን

አልጨረስኩም። ቅጂዎቹ ወጥተዋል፤ አንዱ ተፈርሞበት ሄዷል፤ የኔው ገና ማሽኑ ላይ ነው፤ አልፈረምኩበትም። ስልኩ ጮኸ። ማሪቮን አንስታ ትንሽ ሰማችና የስልኩን አፍ በመዳፏ ሸፍና ወደኔ ዞረች። «ሶአዚግ ናት። ጉልቨን፣ እየለመነች ነው፤ አንድ ነገር ልጠይቀው ትላለች።»

«ወጥቷል በያት» አልኳት። ከጠየቅሽኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ ማሪቮንም እንዳትዋሽልኝ ኮቴን ይዤ እየወጣሁ ነው።